የአሮጌው ላንድሮቨር የኋላ አክስልና ፍሬን

ከሀገረ ሰላምና ከቦሬ ደጋ ተነሥቶ በአዶላና በዋደራ በኩል ነገሌ ቦረና የሚገባው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ጀምሮ እስከ 1500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ነገሌ የደረሰ ባለመኪናም ቁልቁለቱን ጨርሻለሁ ሊል አይችልም፤ ጉዞውን በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ ኦዶ የቀጠለ እንደ ሆነ ከ300 ሜትር በታች እስካለው በረሃ ድረስ ገና ብዙ መውረድ ይቀረዋል። ይህ አገር ከብቱን፣ ግመሉን፣ ፍየሉንና ቆዳውን ወደ ላይ ይልካል፤ ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ሳሙናውንና ጨርቁን ከላይ ይቀበላል። ስለዚህ በነገሌም ሆነ በያቤሎ፣ በሜጋም ሆነ በሞያሌ የሚኖር ነጋዴ መኪናው የቆመ ዕለት ንግዱ ይቆማል፤ መኪናው አልቆም ያለ ዕለት ደግሞ ነገሩ ከንግድ አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው በቆላው ከተሞች ዛሬም ከዓይን ስላልጠፋው ስለ አሮጌው ላንድሮቨር፣ ይልቁንም ስለ ሁለት ክፍሎቹ፣ ማለት ስለ ኋላ አክስሉና ስለ ፍሬኑ ነው። እነዚህ ሁለቱ በብዙ ጋራዥ ለየብቻ ይታያሉ፤ ዘይት የሚያፈሰው አክስል አንድ ቀን፣ የማይዘው ፍሬን ሌላ ቀን ይጠገናል። በላንድሮቨር ላይ ግን ይህ አከፋፈል ያሳስታል። የፍሬኑ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአክስሉ ነው፤ አክስሉም ሲሰበር የእጅ ፍሬኑን ይዞት ይሄዳል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በአምስተርዳም የኦቶሞቢል ትርኢት ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ሁለተኛው ዓይነት፣ በ1961 ሁለት ኤ የተባለው፣ በ1971 ደግሞ ሦስተኛው ተከተሉ፤ የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ሥራ በ1985 አበቃ። እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ በዕድሜ ታናሹ እንኳ 40 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። እስከ ዛሬ ያቆየው አካሉ ዝገት በማይበላው በአሉሚኒየም መሠራቱና አብዛኛው ክፍሉ በተራ መፍቻ የሚፈታ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመንግሥት ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አክብሮ መያዝ የቁጠባ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነገሌ የሞተር ተሽከርካሪ በብዛት ያየችው በክፉ ቀን ነበር። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶርያ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ከተዋጋ በኋላ በጭነት መኪናና በብረት ለበስ እየተጓዘ ከተማይቱን ያዘ። መኪና የቆላው ነጋዴ የዕለት መሣሪያ የሆነው ከነጻነት በኋላ ነው።

የአክስሉ አሠራር እንዲህ ነው። ከካምቢዮው የሚመጣው ኃይል ካርዳን በተባለው ረጅም ዘንግ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ በአክስሉ መካከል ወዳለው ዲፈረንሻል ይገባል። እዚያ ውስጥ ፒኞን የተባለው ትንሹ ጥርስ ኮሮና የተባለውን ትልቁን ጥርስ ያዞራል። በተለመደው ላንድሮቨር ፒኞኑ 10፣ ኮሮናው 47 ጥርስ አለው፤ ስለዚህ ካርዳኑ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ከዲፈረንሻሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት የብረት ዘንጎች ይወጣሉ፤ እነዚህ ከዚህ በታች የጎማ ዘንግ ይባላሉ። የጎማ ዘንጎቹ የመኪናውን ክብደት አይሸከሙም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞዞው ነው፤ ይኸውም ጎማው የሚታሰርበት ክብ ብረት ከሁለት ኩሽኔታዎች ጋር በአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው። የዘንጎቹ ሥራ ማዞር ብቻ ስለ ሆነ አንዱ ቢሰበር ጎማው ወልቆ አይወድቅም። በዚህ በኩል የላንድሮቨር ሠሪዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

ችግሩ ያለው ከእጅ ፍሬኑ ላይ ነው። በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የእጅ ፍሬኑ በሽቦ ተስቦ የኋላ ጎማዎችን ራሳቸውን ይይዛል። በአሮጌው ላንድሮቨር ግን የእጅ ፍሬኑ ታምቡር የሚገኘው ከካምቢዮው በስተኋላ፣ የኋላው ካርዳን ከሚነሣበት ቦታ ላይ ነው። የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ካርዳኑን ነው። ካርዳኑ ዲፈረንሻሉን፣ ዲፈረንሻሉ የጎማ ዘንጎቹን፣ ዘንጎቹ ጎማዎቹን ይይዛሉ። ይህ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ላይ የተበጠሰ እንደ ሆነ የእጅ ፍሬኑ ምንም ያህል ቢጠብቅ መኪናው ይሄዳል። በማርሽ አስገብቶ ማቆምም አይረዳም፤ ማርሹም የሚይዘው በዚያው በካርዳኑ በኩል ነውና።

ሰንሰለቱ ሳይበጠስም የሚከዳበት ጊዜ አለ፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው። ዲፈረንሻል የተሠራው አንዱ ጎማ ከሌላው ተለይቶ እንዲዞር ነው። እንግዲህ ባለመኪናው በተዳፋት ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ያነሣው እንደ ሆነ፣ የተነሣው ጎማ በአየር ላይ ወደ ኋላ ሲዞር መሬት የያዘው ጎማ ወደ ፊት ይንከባለላል። ካርዳኑ እንደ ተያዘ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም ምንም ጉድለት የለበትም፤ መኪናው ግን ከክሪኩ ላይ ይወርዳል። ከሥር ገብቶ የሚሠራ ረዳት ካለ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ጎማ ከመነሣቱ በፊት በፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ታኮ መደረግ አለበት። ከዚያም ቢጫውን እጀታ ወደ ታች ተጭኖ አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽ ማስገባት ይገባል፤ ይህ ሲደረግ የእጅ ፍሬኑ በፊተኛው ካርዳን በኩል የፊት ጎማዎችንም ይይዛል። ከፊት ሞዞዎች ላይ በእጅ የሚዞር መልቀቂያ የተገጠመለት መኪና ከሆነ ግን መልቀቂያዎቹ አስቀድመው መታሰር አለባቸው፤ ካልታሰሩ ማርሹ ገባ አልገባ ልዩነት የለውም።

አሁን ስለ ዘይቱ። በኋላው አክስል ውስጥ ወደ 1.7 ሊትር የሚሆን ቁጥር 90 የማርሽ ዘይት ይገባል። መኪናው በቆላ ሙቀት ሲጓዝ ዘይቱ ይግላል፤ በአክስሉ ውስጥ ያለውም አየር ይለጠጣል። ለዚህ ብሎ ሠሪው በአክስሉ ቱቦ ላይ በስተላይ በኩል አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አድርጎበታል። ይህች ዕቃ ከአውራ ጣት ጫፍ የማትበልጥ ስለ ሆነች፣ ከጭቃና ከአቧራም በታች ስለምትቀበር፣ መኖርዋን የማያውቁ ባለመኪናዎች ብዙዎች ናቸው። የሊበን ሜዳ አቧራ ከደፈናት በኋላ የጋለው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን ወደ ዳርና ወደ ዳር ይገፋዋል። ዘይቱም በሞዞው ውስጥ ያለውን ፓራኦሊ አልፎ ወደ ፍሬኑ ታምቡር ይገባል፤ የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በየጋራዡ የታወቀ ነው። ሾፌሩ ፍሬኑ ላልቷል ይላል፤ መካኒኩ ያጠብቀዋል። ከሳምንት በኋላ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መጎተት ይጀምራል፤ አዲስ ሸራ ይገዛለታል። አዲሱም ሸራ ብዙ ሳይቆይ ይርሳል። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ፓራኦሊው ይለወጣል፤ እርሱም ያፈሳል፤ ነጋዴውም የተሸጠለት ዕቃ የሐሰት ነው ብሎ ሻጩን ይከሳል። መተንፈሻዋ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልተነካችም። እርስዋን ፈትቶ በነጭ ጋዝ አጥቦ መመለስ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ዋጋውም የአንድ ስኒ ጋዝ ነው።

የተደፈነች መተንፈሻ በወንዝም ላይ ትጎዳለች። ግሎ የመጣ አክስል ክረምት የሞላው ፈፋ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ በመተንፈሻዋ በኩል አየር መሳብ ስላልቻለም በፓራኦሊው በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ሲከፈት ወተት እንደ ገባበት ሻይ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ኩሽኔታውንም ጥርሱንም ስለሚበላ ወዲያውኑ ፈስሶ መለወጥ አለበት፤ ይጠልል ብሎ መተው አይገባም።

ትንሽ ዕቃ ተበላሽቶ በጊዜው ሳይታይ በመቅረቱ ምን ሊመጣ እንደሚችል ነገሌ ከማንኛውም ከተማ ይልቅ ታውቃለች። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የነበረው ጦር ያመፀው ስለ ምግቡና ስለ ውሃው ነበር፤ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ እንደ ከለከሏቸው ተጽፏል። የዚያ ዓመት ነገር በነገሌ እንዳልቀረ ሁሉም ያስታውሰዋል።

ወደ አክስሉ ሲመለሱ፣ ከጎማው በስተውስጥ እርጥበት የታየ እንደ ሆነ አስቀድሞ የየትኛው ፈሳሽ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ወፍራም ሆኖ የድኝ ዓይነት ሽታ ካለው የአክስል ዘይት ነው፤ ጥፋቱም በመተንፈሻዋ ወይም በፓራኦሊው ዘንድ ነው። ቀጭን ሆኖ የነካውን ቀለም የሚልጥ ከሆነ ግን የፍሬን ዘይት ነው፤ ጥፋቱ በጎማው ላይ ካለችው ትንሽ የፍሬን ፓምፕ ጎሚኒ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መፍታት የማያስፈልገውን አስገዝቶ የሚያስፈልገውን ያስተዋል።

ፓራኦሊውን ለመለወጥ ታምቡሩ ይወጣል፤ ስድስቱ ብሎኖች ተፈትተው የጎማው ዘንግ ይሳባል፤ ከዚያ ሁለቱ ትላልቅ ዳዶዎች ይፈቱና ሞዞው ይወልቃል። በዚህ ጊዜ የፓራኦሊው ከንፈር የሚንሸራተትበትን ቀለበት በጥፍር መዳሰስ ይገባል። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለበት አዲስ ፓራኦሊ ቢገባም ያፈሳል፤ ቀለበቱም አብሮ መለወጥ አለበት። በዘይት የራሰውን ሸራ ቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት ማድረቅ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ራስን መሸንገል ነው። ዘይቱ ከሸራው ሆድ ውስጥ ስለሚቀር ፍሬኑ በቁልቁለት ላይ ሲግል ተመልሶ ወደ ፊቱ ይወጣል። ሸራ ሲለወጥም የግራውና የቀኙ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አዲሱ ይጎትታል።

ስለ ሸራ ከተነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በድሮ ዘመን የተሠራ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የተባለ የድንጋይ ጭረት አለበት፤ ከታምቡሩ ውስጥ የሚገኘው ጥቁር ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ብናኙን በአፍም ሆነ በኮምፕረሰር እፍ ማለት ክልክል ነው፤ በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም ሕፃናት በማይደርሱበት መቅበር ይገባል።

ከዘይት መፍሰስ ቀጥሎ በቆላው መንገድ የሚያጋጥመው የጎማ ዘንግ መሰበር ነው። በአብዛኛው አሮጌ ላንድሮቨር ይህ ዘንግ ወደ ዲፈረንሻሉ በሚገባው ጫፍ ላይ 10 ጥርሶች ተቆርጠውበታል፤ የሚሰበረውም እዚያው አንገቱ ላይ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጭነትና ችኮላ ነው። መኪናው በጥቁር አፈር ጭቃ ሲያዝ ሾፌሩ ሞተሩን አስጩሆ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቀዋል፤ የዚያ ሁሉ ኃይል ጫና በዘንጉ አንገት ላይ ያርፋል። ዘንጉ አንድ ቀን ተጠምዝዞ ይተርፋል፤ ሌላ ቀን ይሰበራል። ስለዚህ ለሌላ ሥራ አክስሉ በተከፈተ ቁጥር ዘንጉን አውጥቶ ጥርሶቹን ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ጥርሶቹ ቀጥ ያሉ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ገመድ ከተጠማዘዙ ሳይሰበር መለወጥ ነው። የተሰበረውን ዘንግ በብየዳ መቀጠል ደግሞ ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው። ብረቱ በእሳት የጠነከረ ስለ ሆነ የብየዳው ሙቀት ጥንካሬውን ያጠፋዋል፤ በመጀመሪያው ዳገት እንደገና ይለያያል።

ዘንጉ በመንገድ ላይ ሲሰበር ከባድ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም። በዚህን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ታኮ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ እንደ ተነገረው የእጅ ፍሬኑ በዚያች ቅጽበት ከንቱ ሆኗል። የእግር ፍሬኑ ግን በየሞዞው ላይ ስላለ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ታኮው ከተደረገ በኋላ የተሰበረው ዘንግ ስድስቱን ብሎኖች ፈትቶ ይሳባል፤ ቀዳዳው አቧራ እንዳይገባበት በቆርቆሮና በጨርቅ ይሸፈናል፤ ቢጫው እጀታ ወደ ታች ይጫናል፤ መኪናውም በፊት ጎማዎቹ እየተሳበ ቀስ ብሎ ወደሚቀርበው ከተማ ይገባል። ከዋደራ ማዶ በጫካ መካከል ከማደር ይህ የተሻለ ነው። ከተማ ሲደርስ ግን አዲስ ዘንግ ጨምሮ መሄድ አይበቃም። የቀረው ቁራጭ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ፈስሶ፣ ቁራጩ በማግኔት ወይም በታጠፈ ሽቦ ወጥቶ፣ በዘይቱ ውስጥ የብረት ስብርባሪ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ቁራጩ በዚህ መንገድ እንቢ ካለ ዲፈረንሻሉን ማውጣት የግድ ነው። አንዲት የብረት ፍንጣሪ በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል ከገባች የአንድ ዘንግ ኪሣራ የአንድ ዲፈረንሻል ኪሣራ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነጋዴው የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፤ አክስሉን ማስጠገን ይሻላል ወይስ ሙሉውን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ መለወጥ? በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ አክስል ሲገኝ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አሮጌውን አውርዶ ሌላውን መስቀል ነው። ነገር ግን ያገለገለ አክስል የሌላ ሰው ችግር ሊሆን ይችላል። ፓራኦሊው፣ ኩሽኔታው፣ የጎማ ዘንጉና ሸራው ብቻ የተጎዱ እንደ ሆነ የራስን አክስል ማስጠገን ያለ ጥርጥር ይሻላል፤ ይህ ሁሉ በነገሌም በያቤሎም ጋራዥ ሊሠራ የሚችል ነው። የአክስሉ ቱቦ ከጎበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ሙሉውን መለወጥ ነው፤ የጎበጠ ቱቦ ዘንግና ጎማ መብላቱን አይተውም።

መካከለኛው ነገር የኮሮናና የፒኞን ጥርስ መበላት ነው። እነዚህን ለየብቻ ገዝቶ መግጠም እጅግ ቀጭን ልኬት የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ መለኪያ መሣሪያ በሌለው ጋራዥ ባይሞከር ይመረጣል። በተለመደው አክስል ሁለቱ የጎማ ዘንጎች ጥቂት ወደ ውጭ ተስበው፣ ካርዳኑ ተፈትቶ፣ ዙሪያውን ያሉት ዳዶዎች ሲወልቁ ዲፈረንሻሉ ከነመያዣው በፊት በኩል በአንድነት ይወጣል፤ ጥሩ መያዣውን ከነሙሉ ጥርሱ መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በኋላ በተሠሩት አንዳንድ ረጃጅም ላንድሮቨሮች ላይ ግን ከኋላ በኩል ክብ ክዳን ያለው ሌላ ዓይነት ከባድ አክስል ይገኛል፤ እርሱ በዚህ አኳኋን አይወጣም።

ያገለገለ ዲፈረንሻል ሲገዛ ሊጣራ የሚገባው የጥርሱ ቁጥር ነው። ከሬንጅሮቨር የወጣ ዲፈረንሻል መያዣው በላንድሮቨር አክስል ላይ ሊገጥም ይችላል፤ ቁጥሩ ግን 3.54 ነው። በኋላ 3.54፣ በፊት 4.7 ያለው መኪና በሁለት ጎማ ሲነዳ ደኅና ይመስላል፤ በጭቃ ቀን ባለመኪናው ቢጫውን እጀታ ሲጫን ግን የፊቱና የኋላው አክስል እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ አንዱ እስኪሰበር ድረስ አይተዉም። ቁጥሩን ሳይፈቱ ለማወቅ ዘዴ አለ። ታኮ ከተደረገ በኋላ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ ይነሣል፤ ማርሹም የእጅ ፍሬኑም ይለቀቃል፤ በካርዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ የተነሣው ጎማ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ሲዞር ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ይቆጠራል። አምስት ዙር ሊሞላ ጥቂት ከቀረው 4.7 ነው፤ ሦስት ተኩል ያህል ከሆነ ከሌላ መኪና የመጣ ነው።

ዕቃ በደብዳቤ ወይም በስልክ ሲታዘዝ ደግሞ «ለላንድሮቨር የሚሆን የኋላ ዘንግ አንድ» ብሎ ማዘዝ የተሳሳተ ዕቃ ለመቀበል መፍቀድ ነው። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ መካከል ወደ ቀኝ ያደላ ስለ ሆነ የግራው ዘንግ ከቀኙ ይረዝማል። ስለዚህ የሻንሲው ቁጥር፣ የግራ ወይም የቀኝ መሆኑ፣ በሜትር የተለካው ርዝመት፣ በጫፉ ያሉት ጥርሶች ብዛት መጻፍ አለባቸው። ለፍሬን ዕቃም ከፊት ጎማ መካከል እስከ ኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ይጠቀስ፤ አጭሩ መኪና 88 ኢንች፣ ማለት 2 ሜትር ከ23 ሴንቲሜትር ያህል፣ ረጅሙ 109 ኢንች፣ ማለት 2 ሜትር ከ77 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የአጭሩ ታምቡር ባለ 10 ኢንች፣ የረጅሙ ባለ 11 ኢንች ሲሆን ሸራቸው አይለዋወጥም። ከሁሉም የሚበልጠው የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ጠቅልሎ ለናሙና በአውቶቡስ መላክ ነው፤ ብረቱ ለሻጩ ከደብዳቤው ይልቅ በግልጽ ይናገራል።

ስለ ፍሬኑ ዘይት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ አሮጌ ላንድሮቨሮች ላይ አራቱም ጎማዎች የሚያገኙት ግፊት ከአንድ ዋና ፓምፕ በአንድ መሥመር የሚሄድ ነው። ከአራቱ ጎማዎች በአንዱ ላይ ያለች አንዲት ጎሚኒ ከቀደደች የአራቱም ፍሬን ይጠፋል። በቆላ መንገድ ላይ ዘይቱ ሲጎድል ያለውን ነገር፣ የሞተር ዘይትም ቢሆን፣ መጨመር የተለመደ ጥፋት ነው፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ጎሚኒ ፍሬኑን እንደ ያዘ ያስቀረዋል ወይም ጭራሹን ይበጣጠሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት በመሥመሩ ያሉትን ጎሚኒዎች ሁሉ መለወጥና ቱቦዎቹን ማጠብ ነው። አንድ የታሸገ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት በመኪናው ውስጥ ቢቀመጥ ይህ ሁሉ ይቀራል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ያረጃል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሙቀት በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መጠኑ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከቦሬ ቁልቁል ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ይህን ሙቀት ያገኘዋል፤ ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ዘይቱን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ይገባል። አየር ሲወጣ ከዋናው ፓምፕ እጅግ ከራቀው ጎማ ተጀምሮ ወደ ቀረበው ይመጣል።

ሸራው ከታምቡሩ ጋር የሚስተካከለው ከታምቡሩ በስተኋላ ባለው ብሎን ነው፤ ጎማው እስኪያዝ ድረስ ይዞራል፤ ከዚያ በነጻነት እስኪዞር ድረስ ጥቂት ይላላል። ታምቡሩ መስመር ካወጣ በሻሸመኔ ወይም በሐዋሳ ቶርኖ ቤት ሊላግ ይችላል፤ ሁለቱም በእኩል መጠን ይላጉ። የእጅ ፍሬኑ ለብቻው ይስተካከላል፤ እርሱም ከካምቢዮው በስተኋላ ያለው ፓራኦሊ ባፈሰሰ ጊዜ ሸራው እንደ ጎማዎቹ ይርሳል፤ ስለዚህ የእጅ ፍሬን አልይዝ ሲል ከማጥበቅ በፊት ታምቡሩን ከፍቶ ማየት ነው።

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መኪናው ወደ ገደሉ ከመላኩ በፊት በሜዳ ላይ ይፈተን። ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ነው፤ ቀስ እያለ ከወረደ አንድ ቦታ ያፈሳል። ከዚያም ቁልቁለቱ ሲጀምር ዝቅተኛ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ይደረግ፤ ፍሬኑ ለአጭር ጊዜ እየተረገጠ ይለቀቅ እንጂ ተረግጦ አይቆይ። በአዶላ ለሻይ ሲቆም ሾፌሩ የእጁን ጀርባ ወደ አራቱ ታምቡሮች በየተራ ቢያስጠጋ ብዙ ነገር ይነግሩታል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የቀዘቀዘው ታምቡር አልሠራም፤ ተለይቶ የሚያቃጥለው ሸራው ሳይለቅ የቀረ ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ የጠበቀ ነው፤ ከሥሩ የዘይት ጠብታ ያለበት ደግሞ ነገሌ ከመግባቱ በፊት እዚያው ይከፈታል።